ባለቤቴ አልሞተችም፤ እየታጠነች ነበር

ለተከበሩ አቶ አካለ ወልድ
የዋርካው ሥር እድር ሊቀ መንበር
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ከወንበር ሲነሡ የሰው እጅ ስለማይፈልጉ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህ ጸጋ ለሁሉም አልተሰጠም። እኔ ጡረታ የወጣሁት የፊዚክስ መምህር ይታያል ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ ፀሐይነሽም ደኅና ናት፤ ይህን የምጽፍልዎ በእድሩ መዝገብ ላይ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሞታ ስለምትገኝ ነው።

እንደሚያውቁት በቁርጥማት ምክንያት ጉልበቷ አልታጠፍ ካላት ሦስት ዓመት ሆኗል። የስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የአንድ ሆቴል ሳውና የሚሉትን የእንፋሎት ክፍል በስልኬ አየሁና ገላ መታጠቢያ ቤታችንን እንዲያ ላደርገው ተነሣሁ። የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ደፈንኩ፣ መስኮቱን በላስቲክ ሸፈንኩ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያለበት ትልቅ ድስት አፍልቼ አስገባሁና ክዳኑን ከፈትኩት። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ታጠነች። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቷ መሬት ነካ፤ ያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን።

የእድሩ ውለታ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በላብ የራሰ ሰው ነፋስ ካገኘው ምች ይመታዋልና፣ ፀሐይነሽን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በነጭ ጋቢ ጠቅልለን፣ ጎረቤታችን ሰገነትና እኔ በወንበር ተሸክመን በግቢው በኩል ወደ መኝታ ቤት አሻገርናት። በአጥራችን በኩል ሲያልፍ የነበረው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አቶ ባየ፣ እንፋሎቱንና የተጠቀለለችውን ሴት ሲያይ ሬሳ ታጥቦ የተገነዘ መስሎት ጡሩምባውን ነፋ። በር አንኳኩቶ መጠየቅ ጊዜ ስለሚፈጅ መተዉ ለሥራው ያለውን ትጋት ያሳያል።

፪. ድንኳኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተተከለ። አምና ነፋስ ጣራችንን ሲገነጥለው እድሩ ለመድረስ ስምንት ቀን ፈጅቶበት ነበር፤ ለካ የሚያፋጥነው ሞት ብቻ ኖሯል። ፀሐይነሽ በመስኮት ሆና ማን አምርሮ እንዳለቀሰና ማን ደረቅ ዓይኑን በነጠላ እንደጠረገ ለይታለች። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ግን አልነገረችኝም።

፫. ከፊትዎ ቆማ እጅ ብትነሣዎም፣ ስሟን ከሟቾች ዝርዝር ለመሰረዝ ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል ብለዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እርስዎን ሞኝ ለማለት አልደፍርም፤ ወረቀቱን ማለቴ ነው።

፬. ያንገበገበኝ ይህኛው ነው። «እድርተኛውን ስለሚያስደነግጥ በመኖሪያ ቤት እንፋሎት ማስነሣት ተከልክሏል፤ የጣሰ ከእድሩ ይወገዳል፤ ጉዳዩ ከፋሲካ በኋላ ይታያል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላኩልን። ክቡር ሆይ፣ ስቅለት የሚውለው ከፋሲካ በፊት ነው። ፀሐይነሽ ደግሞ ከእድር ተወግጄ ቀባሪ ጎረቤት አጥቼ አልሞትም ብላ እገዳውን አክብራለች። ይኸው በዐሥራ አንድ ቀን ጉልበቷ ተመልሶ ደረቀ። ትናንት ልትሰግድ ሞክራ ከወደቀችበት መነሣት አቅቷት ሰገነትና እኔ አነሣናት። ተናድጃለሁ፤ ትሕትናዬም እዚህ ላይ አልቋል።

ካልሞተችው ባለቤቴ የከበረ ሰላምታ ጋር፣

ይታያል
በመዝገብዎ ሚስቱ የሞተችበት፣ በቤቱ ግን ከሚስቱ ጋር የሚጨቃጨቅ

ማሳሰቢያ፦ ድንኳኑን እንድንመልስ በአቶ ባየ በኩል ልከውብናል። ሟቿ ከመዝገብ ሳትሰረዝ ድንኳኗ መነሣቱ ነውር መስሎን እስካሁን ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። እገዳዎ የሚለው «በመኖሪያ ቤት» ስለሆነ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ድስቱን እዚያ አስገብተናል፤ ሸራው እንፋሎት ሲይዝ ከመታጠቢያ ቤታችን ይበልጣል። ሰው ቢያርፍ ወዲያው አራግፈን እናስረክባለን። የስቅለት ዕለት ሟቿ ስትሰግድ ማየት ካሻዎ፣ ከግንቡ ሥር ያለው በርጩማዋ ባዶ ስለሚሆን ይቀመጡበት።