ጨለማ ነው ያልከው ጌም

ወንድምዬ፣

እንዴት ነህልኝ? ሚስትህስ? ያ አንገቷን ይዞ አላዞር ያላት ነገር ለቀቃት? ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ትንሿ አሁንም የግራውን ጫማ ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አድርጋ "አትንኩኝ" እያለች ነው? በእኔ በኩል ቤቱም፣ ቢሮውም፣ ከላይኛው ፎቅ ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ የምትጣላው ጎረቤቴም እንዳሉ አሉ። ናፍቆትህ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይማ አትያዝም! ቁም ነገር ስጀምር ወይ ታስቀኛለህ፣ ወይ "ሚጣ፣ መሪ ይዣለሁ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም። ተናደህ ብታጣጥፈውም ተመልሰህ እንደምትከፍተው አውቃለሁ።

ወሬውን ከሥሩ ልጀምርልህ። ስለ ፍራፍሬ እርሻው ጌም የጻፍነው ጽሑፍ ጉድ አፈላ። "የጻፍነው" ያልኩት አውቄ ነው። ዓምዱ በእኔ ስም ይውጣ እንጂ ሰው መጽሔቱን የሚገልጠው "ወንድሜ እንዲህ ይላል" የምትለዋን ሣጥን ፍለጋ መሆኑን ከአለቃችን ጀምሮ የማያውቅ የለም። እኔ አዲስ የወጣውን ጌም እጫወትና ገጽ ሙሉ አወራለሁ። አንተ እሁድ ሶፋህ ላይ ተጋድመህ ትጫወትና በድምፅ መልእክት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል ታደርጋለህ። ሰው የእኔን ገጽ ትቶ የአንተን ሁለት ዓረፍተ ነገር እየቆረጠ ይለጥፋል። አንዷማ "ወንድምሽ አግብቷል ወይ?" ብላ ጽፋልኛለች። ለሚስትህ አልተናገርኩም፣ አንተም እንዳትኮራ።

ስለ እርሻው ጌም የላክኸው ትዝ ይልሃል? "ጨለማ ነው፤ ዛፉ ሥር ምን እንዳለ አይታይም። ላሟ በየት በኩል እንደመጣች ሳታውቅ እግርህ ላይ ቆማ ታገኛታለህ" ነበር ያልከው። እኔም ቴሌቪዥኑ አርጅቶበት ይሆናል ብዬ እንደወረደ አተምኩት።

ወንድምዬ፣ በዚያ ጌም ውስጥ ፀሐይ አትጠልቅም። ጨዋታው ራሱ እሱ ነው። ሁልጊዜ እኩለ ቀን የሆነበት መንደር ነው፤ ሰዎቹ ጥላ አጥተው ጥላ ሲተክሉ ነው ታሪኩ። ጨለማ የሚባል ነገር ለመድኃኒት የለም!

አንባቢዎቻችን መቼም አይምሩም። "ወንድምሽ መብራት ጠፍቶበት ነው የተጫወተው?" አለ አንዱ። "ቴሌቪዥኑን አብርቶ ይሞክረው" አለች ሌላዋ። አለቃችን ስብሰባ ላይ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ እንባዋን እየጠረገች "ለመሆኑ ወንድምሽ ጌሙን ነው ያየው ወይስ ካርቶኑን?" አለችኝ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሣቅኩ። መጨረሻ ላይ ያነበበችው አጭር ነበር። "ወንድምሽን ዓይኑን አስመርምሪው" ነበር የሚለው። በእሱም ሣቅኩ። እየሣቅኩ ወጥቼ ደረጃው መሀል ስደርስ ሣቁ ጥሎኝ ሄደ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ የቀድሞ መልእክቶችህን አንድ በአንድ መስማት ጀመርኩ። ስለ አዲሱ የእግር ኳስ ጌም "ክንፍ ተጫዋች የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም መሀል ላይ ተጠቅጥቆ ይራገጣል" ብለሃል። የእሽቅድድሙን ጌም ደግሞ "ሌሎቹ መኪኖች ከሰማይ ዱብ ይላሉ፣ ከጎን ሲመጡ አይታዩም፣ የሠራው ሰው መኪና ነድቶ አያውቅም" ብለህ አጣጥለኸዋል። ሹፌር ሲናገር ማን ይከራከራል? ያኔ ከት ብዬ ነበር የሣቅኩት። አሁን ሁለቱንም ከፍቼ ተጫወትኳቸው። ክንፍ ተጫዋቾቹ አሉ፤ እንዲያውም ያ ጌም ሌላ የሚመሰገን ነገር የለውም። መኪኖቹም ከጎን እየተንደረደሩ፣ ጡሩምባ እየነፉ ነው የሚመጡት። ዱብ የሚል የለም።

በሁሉም ጌም ውስጥ መሀሉን አይተሃል። ዳሩን ግን በአንዱም አላየኸውም።

ቆይ፣ አትቆጣ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ትንሽ ላውራህ፤ ስፈራ ወሬ እንደማበዛ ታውቃለህ።

የዘንድሮ ጌም ደስ ይልሃል? የእውነትህን ንገረኝ። እኔ እንጀራዬ ስለሆነ አሞግሳለሁ እንጂ ብዙው አንገፍግፎኛል። ስትከፍተው እንደ መሥሪያ ቤት ቅጽ ያስሞላሃል፤ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ተስማምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ። ከዚያ መራመድ ያስተምርሃል፤ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ስራመድ የኖርኩ ሴትዮ! ካርታው ላይ ምልክቱ እንደ ኩፍኝ ወጥቶበት የቱን ይዘህ የቱን እንደምትተው ግራ ይገባሃል። ኮፍያ ልግዛልህ፣ ካባ ልሽጥልህ ሲልህ ደግሞ ጨዋታ ይሁን ሱቅ አይለይም። የማያልቅ መሆኑን እንደ ቁም ነገር ያወሩለታል። የማያልቅ ነገር ማን ይናፍቃል? የእኛ ያልቅ ነበር። አልቆም እንደገና "ከመጀመሪያው!" ብለን እንጮህ ነበር።

ያ ሳሎናችን ዓይኔ ላይ አለ። የጌሙ ካሴት አልነሳም ሲል አውጥተህ እፍ የምትልበት፣ እኔም ምራቅህ ነካው ብዬ በቀሚሴ የምጠርግበት። አንተ ጆይስቲኩን ይዘህ እኔ ከጎንህ "ዝለል! ተኩስ! አንተ ደንቆሮ፣ ከኋላህ!" እያልኩ፤ ተቺነቴን እኮ አንተ ላይ ነው የተማርኩት። አባባ ደግሞ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ። "ይሄ ጩኸት ጆሮዬን በላው" ይላል፣ ግን አይነሳም። ትንሽ ይቆይና "አሁን ማን መጣ?" ይላል። እንነግረዋለን። "በስተቀኝስ ምን አለ?" ይላል። ድልድይ አለ፣ ድልድዩ ላይ ወፍ አለ እንለዋለን። "ወፏ ምን ታደርጋለች?" ይላል። እንዴት ደስ ይለን ነበር! የማንም አባት የልጆቹን ጌም እንዲህ አይከታተልም ብለን ለሰፈር ልጆች ጉራ እንነዛ ነበር።

አሁን ሳስበው አባባ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ስለ ጎኑ ነበር። ሰው ሲጠራው አንገቱን አያዞርም፤ መላ አካሉን እንደ መርከብ ያዞራል፤ አንተም እየተነሳህ ታስመስለውና በሣቅ እንፈርስ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን የሚደፋው በአንድ በኩል ብቻ ነበር። እማማ "አንተ ዝርክርክ" አለችው፤ ከዚያ አንድ ቀን ምንም ሳትል ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ጎኑ አዛወረችው። የሚሠራበትን ማተሚያ ቤትም ያለ ዕድሜው በጡረታ ተሰናበተ። እኛ ምን አልን? ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሲያየን ይውላል ብለን ፈነደቅን። ሲያየን!

ዓይኑ እሱ ሳያውቅ ነው የሄደበት፣ ወንድምዬ። ሲያውቅ መሀሉም አልነበረም።

ቢሮ ውስጥ የጤናውን ዓምድ የምታዘጋጀው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግራት ሳንድዊቿን አስቀመጠች። የዓይን ግፊት እንደሚባል፣ እይታን ከዳር ጀምሮ እንደሚበላ፣ ሕመም ስለሌለው ሰው እንደማያውቀው፣ አባት ካለበት ልጆቹ መታየት እንዳለባቸው ነገረችኝና ክንዴን ይዛ ከመጽሔቱ ሕንፃ ጀርባ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ፈገግታ የማይበዛባት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ስለ አንተ አውርቼ ስጨርስ "የሌላ ሰው ዓይን በወሬ አልመረምርም። አንቺ ግን እዚህ ነሽ፤ ተቀመጪ" አለችኝ።

ያስቀመጡኝ ምን ላይ መሰለህ? ጌም ላይ! እውነቴን ነው። ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ነው፤ አገጭህን ታስደግፍና መሀል ያለችውን ነጥብ ብቻ ታያለህ። እጅህ ላይ አንድ አዝራር ይሰጡሃል። ብልጭ የምትል ትንሽ መብራት ከዚህም ከዚያም ትመጣለች፤ ባየሃት ቁጥር መጫን ነው። ሙዚቃ የለው፣ ታሪክ የለው፣ ጠላት የለው። ልማድ ነውና በልቤ ሒሴን መጻፍ ጀመርኩ። "ሐሳቡ ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ወጣ ገባ ይላል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ምንም ሳይመጣ ይቀራል፤ ተጫዋቹን ያሰለቻል።" ሲያልቅ ማሽኑን ለምታሠራው ባለሙያም አልሸሸግኳትም። "እኅቴ፣ ማሽናችሁ መሀል መሀል ላይ ይቆማል እኮ" አልኳት።

ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ። "አይቆምም" አለችኝ።

ከዚያ ሐኪሟ ስለ ዓይኔ ብዙ አወራችኝ። የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በየቀኑ ዓይን ውስጥ በምትጨመር ጠብታ ብቻ ዕድሜ ልክ ይዞ ማቆየት እንደሚቻል፣ ቶሎ የመጣ ሰው ምንም ሳይጎድልበት እንደሚያረጅ። በአባባ ጊዜ የነገረን የለም። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ወንድምሽ ታላቅሽ ነው ታናሽሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ታላቄ ነው አልኩ። "ሥራው ምንድን ነው?" አለች። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳችና የሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ለሁለት ሰው ጻፈች።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይኸው። ስፖኪዮህን አንድ የማይረባ ሹፌር ገጭቶ ሰበረብኝ ብለኸኝ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የፋብሪካው በር ጠቧል፣ ግንበኞቹ አበላሽተውታል፣ የአውቶብሴን ጎን ቧጨረው ብለህ ስታማርር ሰማሁህ። የፋብሪካ በር አይጠብም፣ ወንድሜ። ያ ሰርቪስ ጠዋት ጠዋት እንቅልፋቸውን ያልጨረሱ የፋብሪካው ሠራተኛ ሴቶች አንተን አምነው አንገታቸውን መስኮት ላይ ጥለው የሚተኙበት ነው። ስንቴ ነግረኸኛል፤ "ሲያንኮራፉ ነው አነዳዴ ማማሩን የማውቀው" እያልክ። ጌም ውስጥ ላሟ እግርህ ላይ ብትቆም ሣቅን፣ አበቃ። መንገድ ላይ ግን "ከመጀመሪያው!" ብለን የምንጮህበት ነገር የለም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ካነበብክ በኋላ ያንን መሪ አትያዝ። ነገ ስምሪት ክፍል ግባና "ዓይኔን ልታከም ነው፤ ሰው ተኩልኝ" በላቸው። የምትፈራውን አውቃለሁ። መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ፣ ልጆቼን በምን ላሳድግ ትላለህ። እህትህ ነኝና አልዋሽህም፤ ሊነጥቁህ ይችላሉ። እሱን እኔም አላውቀውም፣ ሐኪሟም እስክታይህ አታውቀውም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ትንሿ ልጅህ ሳሎን ውስጥ ስትጫወት አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ "በስተቀኝ ምን አለ?" ብለህ እንድትጠይቃት አልፈልግም።

ሚስትህን አትደብቃት። ምናልባት ጠረጴዛ ማዛወር ጀምራ ይሆናል፤ እስቲ ዞር ብለህ እያት።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። መናኸሪያ ድረስ መኪና ይዤ ልቀበልሽ እንዳትል፤ አልሳፈርም፣ እዚያው ሰው ፊት እጣላሃለሁ። እሁድ ይዤህ እመለሳለሁ፤ በሰው አውቶብስ፣ ተሳፋሪ ሆነህ! መንገዱን ሙሉ የሹፌሩን ማርሽ አቀያየር እያማህ ትመጣለህ፤ እኔም እሰማሃለሁ። ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ነን። ሚስትህንም ይዘናት እንሂድ፤ ልጆቹ እናቷ ጋ ይቆዩ። ለምርመራው የሚጨምሩት ጠብታ ለጥቂት ሰዓት ብዥ ያደርጋል፤ ደረጃውን ስንወርድ አንዳችን እንኳ በደንብ የምናይ ብንሆን ጥሩ ነው። ቀጠሮው ተከታትሎ ነው፤ መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። ቤትህን ደስታ አይለየው፤ ልጆችህን አድገው፣ ተድረው ያሳይህ። ማየቱን አደራ እለዋለሁ፤ ለአንተም ለእኔም።

እስከ ቅዳሜ በናፍቆት፣
ታናሽ እህትህ