አንቶኖቭካን ስለመዘፍዘፍ

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ቬንያሚን አርካድዬቪች ስቬትሎቭ
የዛሬቺንስክ የቋንቋ ምርመራ ማዕከል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮ፣ ከጥሩ ቁርስ በኋላ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንዲሰነብት እጸልያለሁ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ፖም ባየበት ቦታ ሬሳ ያየ ዓይን ቢደክም ጉዳቱ የአገር ነውና።

እኔ ታይሲያ ማትቬዬቭና ኩዴሊና እባላለሁ፤ በከተማችን ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። እርስዎ አሥራ አንድ ገጽ የጻፉበት ኢግናት ማትቬዬቪች የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ታናሽ ወንድሜ ነው። ዛሬ በማረፊያ ቤት አርባ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና፣ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር። በጥቅምት መጀመሪያ ወንድሜ ለእኔ ብቻ ሊልከው ያሰበውን መልእክት ጣቱ ስቶ ለአትክልት ማኅበራችን አባላት ሁሉ ላከው። ቃሉ ይህ ነው፦ «ታያ፣ ዓርብ በርሜሉን አንከባልላለሁ። ቅዳሜ አንቶኖቭካን እንዘፈዝፋታለን። ገለባው ከእኔ። እንዳትንሳፈፍ ከላይ ድንጋይ እንጭንባታለን።» ታያ የሚለኝ እኔን ነውና «ማሩ ከእኔ» ብዬ መለስኩ። አንቶኖቭካ፣ ከእርስዎ በቀር በዚህ አገር ሕፃን እንኳ እንደሚያውቀው፣ በርሜል ውስጥ በገለባ ተደርድራ በማር ውኃ የምትዘፈዘፍ ጎምዛዛ ፖም ናት። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሪማ አንቶኖቫ ግን መልእክቱን እንዳዩ «ሊገድሉኝ ነው» ብለው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። አልዋሽም፤ እኚህን ሴት ከኋላቸው «አንቶኖቭካ» እንላቸዋለን፣ ፊታቸው እንደ ፖሟ እስከ ገና ድረስ ስለሚኮመጥጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ፖሊሶች ሲደርሱ ወንድሜ እጁን እስከ ክርኑ በርሜል ውስጥ ከቶ ፖም ይደረድር ነበር። በዓይናቸው ያዩት ይህንን ነው። ሆኖም ለጥንቃቄ ያህል ባለሙያ ይጠየቅ ተባለና ባለሙያው እርስዎ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. «መዘፍዘፍ» በዱርዬ አፍ መግደል ማለት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ ግን ከዚህም አልፈው «ሌላ አማራጭ ትርጉም አልተገኘለትም» ብለው በማኅተም ስላጸኑልን ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤትዎ ለሾርባ አተር በዘፈዘፉ ቁጥር ፖሊስ እንደማይጠሩ ተስፋ አለኝ።

፪ኛ. «በርሜል ማንከባለል» የሚለውን ጠብ መፈለግ፣ «ገለባ» የሚለውን አደንዛዥ ዕፅ ብለው አቻ አበጁላቸው። ለማሩ የአራዳ አቻ ቢያጡለት ጊዜ «እስካሁን ያልተፈታ ምሥጢራዊ ቃል» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ ማር ነው፤ ሁለት ኪሎ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው እንዲህ ያለው ድካም ነው። በማስረጃነት ሰባት ጊዜ የጠቀሱትን የአራዳ መዝገበ ቃላትም ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ስገልጠው ሽፋኑ ላይ ያገኘሁት የእርስዎኑ ስም ነው። በነገራችን ላይ በአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ ሃያ ስድስት የፊደል ግድፈት አርሜያለሁ፤ ዋጋ አልጠይቅም።

፫ኛ. ወንድሜ አርባ ዓመት ሙሉ በፋብሪካ ብረት ሲቀርጽ የሥራ ጓደኞቹን ሁሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው። ጠበቃችን ባሳየችኝ የምርመራ ቃል ላይ ወጣቱ መርማሪ «ይህን ነገር ስንት ጊዜ አድርገኸዋል?» ሲለው፣ «በየዓመቱ ነዋ! አባቴ ነው ያስተማረኝ» ብሎታል። «ስንት ይሆናሉ?» ሲለው ደግሞ፣ «ሁለት በርሜል ሙሉ። ቮድካውን ካመጣህ ላንተም አቀምስሃለሁ፣ ልጄ» ብሏል። እርስዎም ከሥሩ «ተጠርጣሪው ያለ አንዳች ጸጸት ይኩራራል» ብለው ጻፉበት። ቀልድን ወደ ኑዛዜ የመለሰ ተርጓሚ ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም።

፬ኛ. በርሜሉ «ማስረጃ ቁጥር ሦስት» ተብሎ በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ቆሟል። ፖሙ ደርሷል፤ አርባ ቀን ይበቃዋል። ስንቅ ላደርስ በሄድኩ ቁጥር ክዳኑ ዞሮ፣ ማስረጃውም ጎድሎ አገኘዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዘበኛ እየላመጠ «እማማ፣ ማሩ ትንሽ በዝቷል» አለኝ። የዘበኞቹ ሆድ ፖም መሆኑን አምኗል፤ የእርስዎ ወረቀት ብቻ ነው ያላመነው።

እስከዚህ ድረስ በትሕትና ጻፍኩ። አሁን ግን እውነቱን ልናገር፣ ተናድጃለሁ። የወንድሜ ሳንባ ደካማ ነው፣ ክፍሉ እርጥብ ነው፣ እርስዎም ስሕተትዎን ያውቁታል። ጠበቃችን ሁለት ጊዜ ጽፋልዎታለች፤ «ማዕከሉ በሰጠው አስተያየት ይጸናል» ብለው መለሱላት። አንድ አዛውንት ከሚወጣና የእርስዎ መዝገበ ቃላት ከሚያፍር አዛውንቱ ይታሰር ብለው መርጠዋል። ሰኞ ችሎት አለ። ዳኛው የሚጠብቁት ከእርስዎ እጅ አንዲት መስመር ነው፦ ፖም ነው። ይህችን ለመጻፍ ዶክተርነት አያስፈልግም፤ ኀፍረት ያለው ሰው ይበቃል።

ለዕውቀትዎ ጥልቀት፣ ለማኅተምዎ ክብደትና ለወንበርዎ ልስላሴ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ቃል ሁሉ በሄደበት እየተከተሉ ወንጀል ከማስወለድ የሚያርፉበትን ቀን በናፍቆት የምጠብቅ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ታይሲያ ማትቬዬቭና ኩዴሊና፣ በወረቀትዎ «ተባባሪ» የተባልኩ፣ የማሩ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ወንድሜን እንድጠይቀው ፈቀዱልኝ። በመስተዋቱ በኩል ስልኩን አንስቼ «ትበላለህ?» አልኩት። ዘበኛውን ገልመጥ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ይበርድሃል?» አልኩት፤ ትከሻውን ሰበቀ። «ኢግናሻ፣ አንድ ነገር ተናገር እንጂ» ስለው አፉን ከፈተ፣ አሰበ፣ መልሶ ገጠመው። አርባ ደቂቃ እንዲሁ ተያይተን ወጣሁ። ጉብኝቱ ተቀድቷል፤ ለምርመራ ከፈለጉት ያስመጡት። በእሱ በኩል አንድም ቃል ስለሌለበት አቻ ፍለጋ አይደክሙም።