እስከ አርብ ይደርቃል

ታኅሣሥ 9
ዛሬ ጨረስን። አባባ ቀልቤሳ፣ የባሌ አባት፣ ለቱሪስቶቹ ሎጅ የጥንት የደንገል ጀልባ ሲሠሩ እኔ ሣሩን ሳቀብል ሰነበትኩ። ድሮ ሙሽራውም እህሉም ሬሳውም ሐይቁን የሚሻገረው በዚህ ነበር አሉኝ። አሁን ሁሉም በሞተር... ሎጁ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። "እኔንም አብረው ይስቀሉኝ እንጂ" አሉ። ሳቅኩ። ባሌ ለሚ ከሞተ ስቄ አውቃለሁ?

ታኅሣሥ 12
ገርባ ሊያገባኝ ነው። የለሚ ታላቅ ወንድም። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የወንድም ሚስት ሜዳ ላይ አትወድቅም፣ ደንብ ነው አለ። ስለ በግ እንደሚያወራ። እህቴ ዱሬቲ ጋ አዳማ ልሂድ አልኩት። ስልኬን ቀማኝ። ከዚህ ደሴት የሚያወጣው ሞተር ጀልባ የሱ ብቻ ነው... በምን እወጣለሁ? ዋና አልችል።

ታኅሣሥ 13
ጉድ ሠራሁ። የሎጁን ጀልባ ማንም ሳያይ ወደ ውሃ ጎተትኩት፣ መቅዘፍ ልለማመድ ብዬ። ዞረብኝ፣ ዞረብኝ፣ ፈራሁ፣ ወጣሁ። ሸምበቆ ውስጥ ደበቅኩት፣ እንዳለ ውሃው ላይ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ
አባባ አገኙት። ደንገል ውሃ ይጠጣል ለካ። ከውሃ እንደወጣ ፀሐይ ላይ ማቆም ነው፣ እዚህ ሕፃንም ያውቃል። እንደ በሬ ከብዷል።
"ማነው ውሃ ያጠጣው?"
እኔ ነኝ አልኩ። ለምን አላሉም። አየት አረጉኝ... ከዛ ማዶውን አዩ። አብረን ጎትተን ድንጋይ አስደግፈን አቆምነው።
"እስከ አርብ ይደርቃል፣ ልጄ።"
አርብ። ከቅዳሜ በፊት።

ታኅሣሥ 16
ደመና። እጄን ደንገሉ መሃል አስገባሁ፣ አሁንም እርጥብ ነው። ገርባ አየኝ። "ጀልባ ሠሪ ሆነሻል አሉ" ብሎ ሳቀ። አምላኬ...

ታኅሣሥ 17
ባቱ መነኸሪያ። ጎህ ሳይቀድ ወጣን። መሃል ላይ ውሃው ቀሚሴ ድረስ መጣ፣ አልጮህኩም። አባባ ቀዘፉ። ዳር ስንደርስ ጀልባው ግማሹ ሰምጧል። ይቆዩ፣ ይድረቅ፣ ብዬ ለመንኳቸው። "ገርባ ሳይነቃ" አሉ፣ ገፍተውት ገቡ። ነፋስ ተነሳ። ዞሬ አላየሁም... አየሁ። ትንሽ ጥቁር ነገር ብቻ።

ታኅሣሥ 18
አዳማ። ዱሬቲ እንጀራ ብዪ ትላለች፣ አባባ ደርሰው ይሆን እያልኩ አይወርድልኝም። በሷ ስልክ ወደ ስልኬ ደወልኩ። ገርባ አነሳው። ትንፋሼን ያዝኩ። ማነው ይላል፣ አንቺ ነሽ ይላል። ከዛ ከኋላው...
"ጮክ ብለህ አናግር እንጂ፣ ላይሰማ ይችላል!"
አባባ። የአባባ ድምፅ ነው።
ዘጋሁት። በላሁ።