ነጭ የቀባሁት ቦታ

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ንፋስ መውጫ

ከሶፍትዌሩ ጋር ስጣላ ሦስት ቀኔ። የአንጎል ምስል የሚያነብ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የምሠራበት ነው። አጎቴን የኔታን ራስ ምታት ቢያስቸግራቸው ጎንደር ወስጄ የጭንቅላት ምስል፣ ኤምአርአይ፣ አስነሥቻቸው ነበር፤ ሐኪሙ ሳያየው ራሴ ልየው ብዬ ከፈትኩት። ነጩን የአንጎል ክፍል «ለይ» ባልኩት ቁጥር በግራ በኩል አንዲት ቦታ ዘሎ ጥቁር ይተዋታል። የምስሉን ብርሃን አስተካክዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። ትናንት ተናድጄ ቦታዋን በእጄ ነጭ ቀባኋት። ዳዊትን ሙሉውን በቃሉ የያዘ ጭንቅላት ምን ጎዶሎ ይኖረዋል?

ዛሬ ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጬ የማክሰኞን ዳዊት ሲደግሙ እሰማለሁ። መካከል ላይ ሲደርሱ ሐሙስ የሚደገመው ውስጥ ገቡ። አላወቁትም። ልጅ ሆኜ እሳቸው ዘንድ ዳዊት ስማር አንዲት ቃል ብስት ጆሮዬን ይዘው ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። ዛሬ ማረሙ የእኔ ተራ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

«ያ ኮምፒውተርሽ ስሕተቱን ተወልሽ?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«አዎ የኔታ፣ አረምኩት።»

«ጎሽ! ሲስት እያየሽ እንዳታልፊው።»

ጓዳ ገብቼ የቀባሁትን ነጭ አጠፋሁት። ቦታዋ እንደ ነበረችው ጠቁራ ወጣች። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም ነበር።

የኔታ አሁን ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ነገ የረቡዕን ይደግማሉ። አጠገባቸው መቀመጡን ከአሁኑ ፈራሁት።