የወፍጮ ድንጋይ የተንተራሰው ወንድምዎ

ውድ ጋሽ ተረፈ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ በእድራችን መተዳደሪያ ደንብ አልተከለከለም። እስክሪብቶ ከማንሳቴ በፊት ደንቡን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አይቻለሁ። እናም ይኸው በእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በእርስዎ የቀብር መዝገብ ላይ ክርኔን አስደግፌ እጽፍልዎታለሁ። ወልቂጤን የነሐሴ ጭጋግ ውጧታል፤ ከመስኮቱ ማዶ የሚያልፈው ሰው በሕይወት ያለ ይሁን ከመዝገቡ አምልጦ የወጣ መለየት አቅቶኛል።

አኩርፌዎት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት በሕይወት ሳሉ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ካረፉ በኋላ። መቃብርዎ ላይ አፈር የመለስኩት ተኮሳትሬ ነው።

ምክንያቱን ያውቁታል። እናቴ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ጎረቤታችን እማማ ሰፍያ አንሥተው ከልጆቻቸው መሐል አስተኙኝ፤ አሳደጉኝም። እሳቸው በ2002 ሲያርፉ ልጆቻቸውና ጀመዓው በወጉ ቀበሯቸው። እኔ እርስዎን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የገዛ እድሬ መጥቶ እኔን እንዲያስተዛዝነኝ። መነጽርዎን ዝቅ አደረጉና፣

«ኢዮብ፣ በደም ምንህ ናቸው?» አሉኝ።

«እናቴ ናቸው።»

«በደም ነው ያልኩህ። አንቀጽ ሰባት ያጎረሰ አይልም፣ የወለደ ነው የሚለው።»

መዝገቡን ዘጉት። እኔም አፌን ዘጋሁ። እርስዎ ሲያርፉ ጸሐፊነቱ ለእኔ የደረሰው ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፤ ምናልባት ኮሚቴው ጽሕፈቴን እንጂ ልቤን አላየው ይሆናል።

በሰኔ መጨረሻ አንዲት የአየርላንድ ሴት፣ ስሟ ብሪጂድ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ የድንኳን ማስቀመጫችን ጥግ ካለችው ቢሮ ገባች። አንድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሽበት የሚመስል ነገር የበቀለበት የመቃብር ድንጋይ ነው። አገሯ ያለ የቤተሰባቸው ድንጋይ፤ የአያቶቿ ስም፣ የአጎቶቿ ስም፣ ሁሉም ከነልደታቸውና ከነሞታቸው ተቀርጾበታል። መጨረሻው ላይ ቆርኔሌዎስ የሚል አለ። የተወለደበት ዓመት አለ። ከዚያ በኋላ ባዶ።

«አጎቴ ነው» አለችኝ። «የሞተበት ቀንና ቦታ ስላልታወቀ ባዶውን ተዉት። ታናሽ እህቱ አክስቴ ኖራ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ባዶው ሳይሞላ አልሞትም ብላ ምላለች። ግን እየደከማት ነው።»

የመጨረሻ ደብዳቤው በ1959 የተላከው ከቡታጅራ ስለነበር ፍለጋውን የጀመረችው እዚያ ነው። መቼም የቡታጅራን ሰው ያውቁታል፤ እንግዳ ባዶ እጁን አይመልስም። የፈረንጅ መቃብር ብላ ብትጠይቅ በሁለት ቀን ሦስት አሳዩዋት። አንዱ የግሪክ ነጋዴ ነው። ሁለተኛው የጣሊያን። ሦስተኛው ፈረንጅ ሳይሆን በጣም ቀይ የነበረ የመስቃን ሰው ነው አሉ። ብሪጂድ ለሦስቱም ሻማ አብርታለች። በመጨረሻ አብዱልሃፊዝ የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት «እነዚህን ተያቸው፤ ያንቺ ሰውዬ የአባቴን ወፍጮ የጠገነው ነው። ወደ ወልቂጤ ነበር የገባው» ብለው ገላገሏት።

መዝገቡን ሳወርድ ዓይኗ በራ።

«ቆርኔሌዎስ የሚለውን ይፈልጉልኝ» አለች።

«የሟች ስም አንጽፍም።»

«ታዲያ የማንን ትጽፋላችሁ?»

«የአባሉን። የአቶ እገሌ አማት፣ የወይዘሮ እገሊት አጎት፣ እንዲህ ነው።»

«ሰው ሲሞት ስሙ ይጠፋል ማለት ነው?»

«አይጠፋም። ሐዘንተኛው ዘንድ ይቀመጣል» አልኳት። ዕድሜ ልኬን ያሰላሰልኩት አስመስዬ ነው የተናገርኩት፤ እዚያው የፈጠርኩት ነው።

የ1959ን ገጾች አብረን ገለጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚስት እናት፣ የባል አባት፣ የልጅ ልጅ፣ የእህት ባል... ስም የሌላቸው ሰዎች በሰልፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው በፊታችን የሚያልፉ መሰለኝ፤ አንዳንዶቹ ዞር ብለው የሚያዩን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ድንገት ጣቴ ቆመ። «ነሐሴ 11 ቀን 1959። የተረፈ ወንድም።» የእርስዎ ጽሕፈት፤ ገና የሃያዎቹ ወጣት ሳሉ።

ጋሽ ተረፈ፣ እርስዎ ወንድም የለዎትም! መስቀል በመጣ ቁጥር ክትፎው ፊት ቁጭ ብለው «እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ» ሲሉ ያልሰማ የከተማው ሰው የለም።

በማግስቱ ብሪጂድን ይዤ ባለቤትዎ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ወርቅውሃ ፎቶውን ሳያዩ የብሪጂድን ፊት አዩና «ቆርኔሌዎስን ነው የምትመስለው። ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገሩን።

ሰውየው ቤታችሁ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከአገና እስከ ቆሼ የቆመ የወፍጮ ሞተር ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ንዳድ ይዞት በሦስት ቀን ሞተ። ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ ወደ ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው የለም።

«ዘመድ የሌለውን ሬሳ ማን ያንሳው?» አሉ እትዬ ወርቅውሃ። «ተረፈ ተነሣና ወንድሜ ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ሬሳውን አዩ፣ ቀይ እንደ በርበሬ። ተረፈን አዩ፣ ጠይም። በአባት ነው በእናት? አሉት። በእናት አለ። ሌላ ቃል ሳይወጣቸው አካፋቸውን አነሡ።»

ብሪጂድ ስተረጉምላት አለቀሰች። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«ለፈረንጅ ዋሽተው ለእኔ ሕግ ጠቀሱብኝ?»

«አንተ ሞኝ፣» አሉኝ እትዬ ወርቅውሃ፣ «አንድ ጊዜ ዋሽቶ አይደል እንዲያ ሕግ አጥባቂ የሆነው? እማማ ሰፍያ የሞቱ ዕለት እህል አልቀመሰም። ለኢዮብ ብፈቅድለት የእኔን ገጽ ገልጠው ይጠይቁኛል፣ ሰውዬውን ከመቃብር ያወጡብኛል እያለ ሲንገበገብ አደረ። አንተን ይቅርታ መለመን ደግሞ ኩራቱ አልፈቀደለትም።»

 

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ወሰዱን። ጽዶቹ በጭጋጉ ውስጥ የሚዋኙ ይመስላሉ። እትዬ ወርቅውሃ ከአጥሩ ሥር ካለው ክብ ድንጋይ ፊት ቆሙ። ያረጀ የወፍጮ ድንጋይ ነው። ሐውልት ቢያቆሙለት ጠያቂ ይበዛል ብለው እርስዎ ራስዎ አንከባለው አምጥተው ራስጌው ላይ አስቀመጡት አሉ። ሰው ግን መቀመጫ መሰለው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ምእመኑ ሲደክመው እዚያ ላይ አረፍ ይላል። እኔ ራሴ ስብከት ሲረዝም ያንቀላፋሁበት ነው።

«ትናንት ከቢሮ ስንመለስ ዳቦ የበላንበት?» አለች ብሪጂድ። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ ተንበርክካ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ዝናቡ ያጠባቸው የወፍጮው ጥርሶች ገና አሉ። እህል የሚፈጭ ይመስል ድምፅ ሰማሁ ብል ጠጥተህ ነው ይሉኛል፤ ግን ሰማሁ።

የአገሯ የመቃብር ጠባቂዎች ያለ ማኅተም ፊደል አያስቀርጹም። አየርላንድም ለካ ማኅተም አለ! ወረቀቱን ጻፍኩ። «ዝምድና» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። «ተከራይ» ብዬ ብጽፍ እውነት ነው፤ እርስዎም በአንቀጽ ሰባት ሐሰተኛ ሆነው ይቀራሉ። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅኩት አጋጣሚ! ውጭ ብሪጂድ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ከባሕር ማዶ አንዲት አሮጊት መሞት ተከልክላ ትጠብቃለች። «ወንድም» ብዬ ጻፍኩ። ሊቀ መንበራችን አቶ አምሀ ማኅተሙን ሲያነሡ፣

«ዝምድናው ተጣርቷል?» አሉኝ።

«በእናት በኩል» አልኳቸው። መቱት።

ድንጋዩ ተቀረጸ፤ ፎቶው ደረሰን። «ወልቂጤ አረፈ፤ ወንድሙ ተረፈ ቀበረው» ይላል። አክስቷ በጣታቸው እየዳበሱ አነበቡት አለች ብሪጂድ። በአራተኛው ቀን አረፉ።

መዘዙ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። እትዬ ወርቅውሃ ጥቁር ለብሰው ቢሮ መጡና «የባሌ እህት ሞታብኛለች» አሉ። ኮሚቴው ተጠራ። አቶ አምሀ ወረቀቱን አገላብጠው አገላብጠው «በማኅተማችን ያጸደቅነው ነው፤ ማን ይክዳል?» አሉ። ድንኳኑ ወጣ። ጡሩምባ ነፊያችን ሸምሶ ብቻ ተቸገረ።

«ቀብሩ የት ነው ልበል?»

«አየርላንድ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ዝም ብለህ ንፋ!»

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከተማው ጎረፈ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ ሊቆምም አልቻለም።

«አይተሃቸው አታውቅ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ አቶ አምሀ በሹክሹክታ።

«እማማ ሰፍያን ነው» አልኳቸው።

 ከዚያ ወደ ጎናቸው ላሉት አንሾካሾኩ፤ እነሱም ወደ ጎናቸው። አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ፣ በእኔ ፊት ጎንበስ እያሉ ማለፍ ጀመሩ። «እግዜር ያጽናህ ኢዮብ። ያኔ መምጣት ነበረብን።»

እንግዲህ ጋሽ ተረፈ፣ ከዚህ በላይ አላስቸግርዎ። ከቆርኔሌዎስ ጋር በሰላም ይክረሙ።

ከኩርፊያው የተመለሰው ልጅዎ፣
ኢዮብ