የማይዘለለው ምዕራፍ

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 22

ለእታለም፣

እንዴት ከረምሽ? የደሴ ጉም እንዴት ይዞሻል? መርፌ ስትወጊ እጅሽ መንቀጥቀጡን ተወ? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልሽ ከአባባ ጉልበት፣ ከእማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ጆሮና ከእኔ የሒሳብ ውጤት በስተቀር ነው። ለቀረው እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልክ እያለ በወረቀት መምጣቴ አይግረምሽ። ስልኩ የአባባ ነው፤ አጠገቤ ካልቆሙ አያስደውሉኝም። ይህን ደግሞ እሳቸው ቆመውብኝ የምናገረው አይደለም።

ነገሩ የጀመረው በእንቁጣጣሽ ነው። ሰባኪው “በየቤታችሁ በቀን አንድ ምዕራፍ አንብቡ” ብለው አስተማሩ። ሌላው ሰው ቤቱ ሳይደርስ ረሳው። አባባ ግን አናጢ ናቸው፤ አንዴ የተነገራቸውን ልክ አይረሱም። ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። ዳዊታቸውንማ በቃላቸው ነው የሚደግሙት፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ግን “ፊደሉ ደቀቀብኝ፤ አንቺ አንብቢ፣ እኔ እሰማለሁ” አሉ። ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ በቀን አንድ፣ ምንም ሳይዘለል። ስንጨርስ ቀይ ክር ራሳቸው ያስገባሉ፤ በማግስቱም ራሳቸው ያወጣሉ።

እማሆይም ከጎረቤት መጥተው ተደረቡ። ጆሯቸውን ታውቂው የለ፤ ስለዚህ የማነበው ለሁለት ሰው ሳይሆን ለቀበሌው ነው። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠ ዕለት “ያውም በፍስክ ቀን!” ብለው ሳምንቱን ሙሉ አዘኑለት። አባባ ደግሞ የሙሴ ድንኳን አሠራር ላይ ስንደርስ “ቆይ፣ ድገሚው፤ ሁለት ክንድ ተኩል?” እያሉ ግድግዳውን በከሰል ሞሉት። ድንኳኑን የሠራውን ባስልኤልን “ይህ ሰው ማጋጠም ያውቃል” ብለው መሰከሩለት። በሕይወት ያለ አናጢ አመስግነው እንደማያውቁ አንቺም ታውቂያለሽ። ዘሌዋውያን ላይ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባባ “እያሰላሰልኩ ነው” ይላሉ፤ ማሰላሰላቸው ግን ያንኮራፋል። አንድ ቀን እኔም ግማሽ ገጽ ዘለልኩ። ዓይናቸውን ሳይገልጡ “የቀረውን ለማን አስቀመጥሽው?” አሉኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንደ ኮሶ ነበር የምውጠው። በኋላ ለለቅሶ ሙጃ ከተማ ሄደን ባደርንበት ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ነቃሁና እጄ መጽሐፉን ፈለገ። አባባም ነቅተው ተቀምጠዋል። ተያየንና ሳቅን፤ ያውም በለቅሶ ቤት! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ከእሷም ካንቺም በኋላ በዚህ ቤት የቀረው ወሬ “ውኃ ቅጂ” እና “በሩን ዝጊ” ብቻ ነበር። አሁን በየጠዋቱ የምንነጋገርበት ነገር አለን። ልማድ የሚሉት ይህን ከሆነ እኔ ተይዣለሁ።

እንግዲህ ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ሰባት ዓመትሽ ሳለ ያ ትኩሳት ሲጥልሽ አባባ ገነተ ማርያም ደጅ ተደፍተው “ከተረፈችልኝ ያንቺው ናት፤ ስትደርስ ቆብ ትጭናለች” ብለው ተሳሉ። ተረፍሽ። ደረስሽ። ቆቡን ትተሽ የነርስ ጋዋን ለበስሽ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ስምሽ ከአባባ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ሲቸግራቸው “ያች” ይላሉ።

እኔ ደግሞ የነገውን ምዕራፍ ዛሬ ሰርቄ የማነብ ነኝ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ አሥራ አንድን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። ዮፍታሔ የሚባል የጦር ሰው ድል ከቀናኝ ከቤቴ ቀድሞ የሚቀበለኝን ለእግዚአብሔር የሚቃጠል መሥዋዕት አድርጌ እሰጣለሁ ብሎ ይሳላል። ሲመለስ ከበሮ እየመታች የወጣችው አንዲት ልጁ ናት። ሌላ ልጅ የለውም። ስለቱንም ፈጸመባት።

ይህን ለአባባ እንዴት አድርጌ ላንብብ? ሆን ብላ አመጣችብኝ ብለው መጽሐፉን ከድነው ቢሰቅሉትስ? ያኔ አንቺም በዚያው ቀረሽ፣ እኔም ከ“በሩን ዝጊ” ጋር ቀረሁ። ስለዚህ ዋሸሁ፤ ጉሮሮዬን አመመኝ አልኩ። እማሆይ ሦስት ቀን ሙሉ ፌጦ አጠጡኝ። በአራተኛው ቀን ከፌጦው ዮፍታሔ ይሻላል ብዬ ዳንኩ።

አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ እንጂ በጩኸት አይነበብም፤ ልጅቷ ከበሮዋን ይዛ ስትወጣ ድምፄ ወረደ። እማሆይ “ጮክ በይ እንጂ!” አሉ። አባባ “ተዋት፤ እኔ ሰምቻለሁ” አሉ።

ስጨርስ ክሩን አላስገቡም። በእጃቸው እንደያዙት “እዚያ አገር ካህን አልነበረም ወይ? ስለቱን የሚፈታለት?” ሲሉ ጠየቁ።

“ካህንስ ነበረ አባባ፤ የጠየቀው ነው የጠፋው” አልኩ። ወላሂ ልበል፣ የክፍል ጓደኛዬን የሰአዳን መሐላ ተውሼ፤ አፌ ነው የቀደመኝ። ጥፊ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መጽሐፉን ተሳልመው፣ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። በዚያ ጉልበት ገነተ ማርያም ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ዮሐንስ ዘንድ አድረው ተመለሱ።

ለእኔ ምንም አልነገሩኝም። ሲፈልጉ የሚሰሙት እማሆይ ግን ነገሩን አውጥተውባቸዋል። አባ ገብረ ዮሐንስ “ማርያም ልጅህን ስጠኝ አላለችህም፤ የእጅህን ሥራ ስጣትና ዕረፍ” ብለዋቸዋል አሉ። ከዚያ አባባ ምን ብለው ከስለቱ እንደተገላገሉ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንዳለቀሱ ነው እማሆይ የሚያወሩት፤ እሱን አልጽፈውም።

በማግስቱ አባባ ለራሳቸው ሬሳ ሳጥን ያስቀመጡትን የጽድ ሳንቃ አወረዱ። የሞታቸውን ቀጠሮ አራዘሙት መሰለኝ። አትሮንስ እየሠሩ ነው፤ ለገነተ ማርያም፣ መጽሐፍ የሚዘረጋበት። አትሮንስ እኮ አንድ ዲያቆን በብብቱ ይዞት የሚሮጥ ዕቃ ነው፤ የሳቸው ግን የበር መቃን ያክላል። ትናንት “አባባ፣ ይህን ማን ይሸከመዋል? ትንሽ ያሳሱት” አልኳቸው።

ፍቅፋቂውን እፍ ብለው “ለሁለት ሰው ይከብዳል። ሦስት ይፈልጋል” አሉ።

“ሦስተኛው ማን ነው?” አልኩ፣ እያወቅሁ።

“የማስገባው ለግንቦት ልደታ ነው። ለመሆኑ ደሴ ትምህርት ቤቱ ለበዓል አይለቅም?” አሉና መሮውን የጠፋ ይመስል ፈለጉት። መሮው እጃቸው ላይ ነበር።

እንግዲህ እታለም፣ ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔ ነይ አላልኩም። እመ ብርሃን ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ፤ የምታክሚው ሁሉ ይዳንልሽ፤ መምህሮችሽን በፈተና ቀን ደግ ታድርግልሽ።

አባባም ጻፊላት አላሉኝም። የሚኒባሱ ሹፌር ወንድምአገኝ ነገ ጠዋት ወደ ደሴ እንደሚወጣ ግን ከእራት በኋላ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል።

ታናሽሽ