ድምፁ የተዘጋ ማስታወቂያ

ለምወድሽ እህቴ ለዳርላ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የኮይምብራ ከተማ ዳገት ዛሬም ያሠቃይሻል? ባልሽ ኡምበርቶስ ከቀዶ ሕክምናው አገገመ ወይ? እኔና ባለቤቴ ጆአን በአካል ደኅና ነን። አባባ ግን ደኅና አይደለም። በስልክ ያልነገርኩሽን እዚህ ልጻፈው፤ በስልክ ስጀምረው ንዴቱ አንደበቴን ይይዘዋል።

ስትሮክ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እንዴት እንደመጣ ግን አታውቂም። አንቺ ባለሽበት አገር በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት በቴሌቪዥን አይለፈፍም። እዚህ በምሽቱ ዜና መሐል እንደ ሳሙና ይለፈፋል። በረዶው ሊቀልጥ ሲል አባባ የአንድ ደም ማቅጠኛ ማስታወቂያ አየ፤ አንድ ሽበታም ሰውዬ ጀልባ ላይ ሆኖ ዓሣ ይጎትታል፣ ሚስቱ ታጨበጭባለች። አባባ ልቡ ምቱን መሳት ከጀመረ ወዲህ የቆየውን ደም ማቅጠኛ ነበር የሚወስደው፤ በየወሩ በመርፌ ደም መመርመር፣ መድኃኒቱን ያዳክማል ተብሎ ቆስጣ ቀንስ መባል። «ይኸው፣ ሰውዬው እኩያዬ ነው፣ መርፌ የሚባል አያውቅም» ብሎ ሐኪሙ ዘንድ ሄደ። ሐኪሙም ለወጠለት። በዚህ አልከፋም፤ አዲሱ ክኒን ለብዙ ሰው በጅቷል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ማስታወቂያ ስለምጠላ፣ ዜናው በተቋረጠ ቁጥር ድምፁን እንዲዘጋ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። «እንዝጋው፣ ፕሮፌሰሩ ሳይቆጣን» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ስለዚህ ጀልባውንና ዓሣውን፣ «የደም ምርመራ ቀረ» የሚለውንም ትልቅ ጽሑፍ አየ እንጂ፣ በሙዚቃው ሥር በጥድፊያ የሚነበበውን አልሰማም። የሚነበበው «ሐኪምዎን ሳያማክሩ ክኒኑን አያቋርጡ፤ ካቋረጡ ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል» የሚል ነው። ከታች በጽሑፍም አለ፤ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል።

መስከረም ላይ በዚያው ጣቢያ የክኒኑን ኩባንያ ለመክሰስ ተጎጂ የሚፈልጉ ጠበቆች ማስታወቂያ መጣ። ያኛው ድምፅ አያስፈልገውም። ስክሪኑን በሞላ ቀይ ፊደል የክኒኑን ስም ጠርቶ «ደም ፈሶዎታል? ዘመድ ሞቶብዎታል? ይደውሉ!» ይላል። አባባ ፈራ። ለእኔም ለሐኪሙም ሳይነግር ክኒኑን ተወ። በስድስተኛው ቀን ጎረቤቱ ኦርቪል ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቆ አገኘው። ሽማግሌው ኦርቪል ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «ከመርዙ ተገላገልኩ ሲለኝ፣ እኔ ጅሉ ደግሞ ጎበዝ አልኩት» እያለ አለቀሰ።

ለኩባንያው ጻፍኩ። ሁሉም በማስታወቂያው ተነግሯል ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተነግሯል። ለጠበቆቹም ደወልኩ። አንዲት ልጅ «ደም ፈሷቸዋል?» አለችኝ። አልፈሰሰም፣ ረጋ እንጂ ብላት «እንግዲያው ለእኛ አይሆኑም፣ ጌታዬ» ብላ ዘጋችብኝ። እኔስ ብትይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው፣ ከክኒኑ ጋር የተሰጠውን ወረቀት አንድ ቀን ገልጬ አላነበብኩለትም።

ዳርላ፣ ሁለተኛ ከመታው አይተርፍም ይላሉ ሐኪሞቹ። ቀኝ እጁ አይነሳም። ከአንደበቱ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስምሽ። ውሃ ሲጠማው «ዳርላ» ይላል። ነርሷን «ዳርላ» ይላታል። እኔንም ዓይን ዓይኔን እያየ «ዳርላ» ይለኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። ለገና እመጣለሁ ያልሽውን ተዪው። አሁን ነይ።

ኡምበርቶን እግዜር ይማርህ በይልኝ። ልጅሽን ኢኔስን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አማትሽንም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ጆአንን ናፍቀሻታል፤ አልጋሽን አንጥፋለች።

ወንድምሽ ክሬግ
ዱሉት፣ ሚኔሶታ
ኖቬምበር 9 ቀን 2019